ብቻውን፣ ከነአጃቢዎቹ

ሐበሻ ተራራ የሚወጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ንግሥ ይሆናል፣ ገበያ ይሆናል፣ በሬ ይጠፋበታል፣ ወይም ሽማግሌ የሚልክበት ቤት ከአምባው ላይ ይሆናል። ያለ አንዳች ጉዳይ ሽቅብ ወጥቶ፣ ውሃ አይቶ፣ አንድ ጠርሙስ እንኳ ሳይቀዳ ቁልቁል የሚመለስ ሰው ቢገኝ፣ ጎረቤቶቹ ጠበል ይወሰድ ብለው ቢመክሩ አይፈረድባቸውም። አሜሪካ ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ኮሎራዶ ባለው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ብቻ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይገባል። በአንድ የሐምሌ ቀን ከገቡት መካከል ከዳላስ የመጣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነበረበት።

የእኛ ሰው ከቴክሳስ የተነሣው ለሠርግ ነው። የአጎቱ ልጅ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና የሐበሻ ሱቅ በማይጠፋባት በአውሮራ ከተማ ሊያገባ ነው። ከዳላስ እስከዚያ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በ287 መንገድ ዊቺታ ፎልስንና አማሪሎን አልፎ ሲነዳ ዋለ፤ ምድሩ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፣ ቀና ያለ ነገር ቢታይ የእህል ጎተራና በነፋስ የሚሽከረከር የመብራት ማማ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ፣ እንቅልፉን በቡና እየገፋ የመጣው ብቻውን ነው። «ለምን ብቻህን?» ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

ጥያቄው የተነሣው የሠርጉ ሽንኩርት በሚከተፍበት ማታ፣ «ነገ ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ ልወጣ ነው» ያለ ጊዜ ነው።

«ከማን ጋር?» አሉ አክስቱ።

«ብቻዬን።»

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ያስቀየመህ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም እትዬ።»

«ዓሣ ልታጠምድ ነው?» አለ ሙሽራው ከሳሎን።

«አይደለም።»

«ልትዋኝ?»

«ውሃው በረዶ ነው አሉ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላየው።»

መክተፉ ቀጠለ። ሴቶቹ ያለቀሱት በሽንኩርቱ ይሁን በእሱ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

ብቻውን መሄድ የፈለገ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ቀጠሮ ይይዛል። ፓርኩ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበጋውን መጨናነቅ ለመቀነስ መግቢያውን በሰዓት ከፋፍሎታል፤ ሁለት ሰዓት የሚቆይ የመግቢያ ጊዜ ተመርጦ፣ ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ ሌላ 2 ዶላር ተከፍሎ፣ ማረጋገጫው በስልክ ይያዛል። ብዙዎቹ ዝነኛ ሐይቆች ወዳሉበት ወደ ቤር ሌክ መንገድ ለመግባት ደግሞ ቀጠሮው የሚጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ቀጠሮው ለመኪና እንጂ ለሰው አይደለም፤ ውስጡ አንድም ሰው ይኑር አምስት ሒሳቡ ያው ነው። ይህን የሰማው ሙሽራ «አራት ቦታ በነጻ ልታባክን?» ብሎ ከልቡ አዘነ።

የእኛ ሰው ለእግሩ መክፈሉ ካስገረመው፣ የአብነር ስፕራግ ታሪክ ይበልጥ ያስገርመዋል። ስፕራግ በ1870ዎቹ ዛሬ ፓርክ በሆነው አገር ውስጥ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ፣ እንግዳ ያሳደረ፣ ሰውን እየመራ ተራራ ያወጣ ሰው ነው። ፓርኩ በ1915 ተመሠረተ፤ የመግቢያ ክፍያ በ1939 ሲጀመር የመጀመሪያው ከፋይ ራሱ ስፕራግ ሆነ። የኖረበትን አገር ለማየት ከፍሎ ገባ።

ቀጥሎ ማሳሰቢያ አለ። ፓርኩ ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ሰዓት ለሚያምነው ሰው ነግሮ እንዲነሣ ይመክራል። የእኛ ሰውም በወረቀት ጻፈ፦ «ከግሌሸር ጎርጅ መነሻ ተነሥቼ ስካይ ፖንድ ወደሚባለው ሐይቅ እሄዳለሁ። እስከ ማታ 12 ሰዓት ካልተመለስኩ ለፓርኩ ደውሉ።» አክስቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወረቀቱን መለሱለት።

«‹ካልተመለስኩ› የሚለውን ሰርዝ። ሟርት ቤቴ አይገባም።»

ሰረዘ። አዲሱ ወረቀት «እስከ ማታ 12 ሰዓት እመለሳለሁ» ይላል፤ ካልተመለሰ ምን ይደረግ የሚለው ለእግዚአብሔር ተትቷል። አክስቱም ወረቀቱን ዳዊታቸው ውስጥ አስገብተው ስንቅ ወደ መቋጠሩ ዞሩ። ለአንድ ሰው የተባለው ስንቅ ድፎ ዳቦ፣ በእንጀራ የተጠቀለለ ደረቅ ጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ከረጢት ቆሎና በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ነበር። ጠበል ተሸክሞ ወደ ሐይቅ የሄደ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ከእሱ በፊት ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

በማግስቱ ቦልደርን፣ ላየንስንና ኤስተስ ፓርክን አልፎ ደረሰ። መነሻው ላይ ስለ ከፍታ ሕመም የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ሲያይ ፈገግ አለ። ግሌሸር ጎርጅ 2,816 ሜትር ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንም 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እናቱ ቤት በር ላይ የቆመ ያህል ነው። በዚያ ላይ በየድግሱ የሚጠቅሰው ማስረጃ አለው፦ ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳይተዋል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፣ የቲቤት ሰዎች የደማቸው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የስሜን ሰው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይኖራል።

ጥናቱ ዳላስ ተቀምጠው ስላረጁ የደብረ ብርሃን ልጆች ያለው ነገር የለም። ዳላስ ከባሕር ጠለል በላይ 130 ሜትር ገደማ ናት፤ ከመኪና ወደ አሳንሰር፣ ከአሳንሰር ወደ ወንበር የሚኖርባት ከተማ ናት። የመጀመሪያውን አቀበት ሲጨርስ የእኛ ሰው ልቡ ደብረ ብርሃን እንዳለ፣ ሳንባው ግን ሳያማክረው ዜግነቱን እንደቀየረ ተረዳ። ዛፍ ተደግፎ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር መሰለ። ማሰሪያው ግን ቀድሞውንም አልተፈታም።

ብቻውንም አልነበረም። እስከ አልበርታ ፏፏቴ ድረስ ያለው መንገድ የጥምቀት ዕለት ይመስላል፤ ሕፃን ያዘለ አባት፣ ባለ ሁለት ምርኩዝ አሮጊት፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች። ፏፏቴውን ስፕራግ በሚስቱ በአልበርታ ስም ሰይሞታል። ከዚያ በላይ ሰው ይሳሳል፣ ሰላምታው ግን አይሳሳም። የሚወርደው ሁሉ «ሃይ» ይላል። የእኛ ሰው መጀመሪያ ቆሞ፣ ኮፍያውን አንሥቶ፣ ደኅንነታቸውን ሊጠይቅ ሲዘጋጅ እነሱ አልፈው ሄደዋል። በኋላ ግን ትንፋሹም ከዚያ በላይ ስለማይፈቅድ «ሃይ» ተስማማው። ከሰባ ዓመት የማያንሱት ባለምርኩዟ አሮጊትም «ሃይ» ብለው አለፉት።

«ሐይቁ ሩቅ ነው?» ብሎ የሚወርዱትን መጠየቅ ጀመረ። «ደርሰሃል፣ እዚህችው ነው» አሉት ሁሉም። የመንዝ ገበሬ መንገደኛን በአገጩ እያመለከተ «እቺን ዞር ካልክ ነው» ብሎ ግማሽ ቀን እንደሚያስኬደው ሁሉ፣ አሜሪካኖቹም ርኅሩኅ ውሸታሞች ሆነው አገኛቸው። አገሩ የገባ መሰለው።

3,106 ሜትር ላይ ዘ ሎክ የሚባለው ሐይቅ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ዐረፈና ቆሎውን ፈታ። እንዲህ ያለ የኪስ ስንቅ ለተራራ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለፓርኩ መመሥረት ከማንም በላይ የታገለው ኢኖስ ሚልስ በክረምት ያለ መሣሪያ ብቻውን ተራራ ለተራራ ሲዞር ኪሱ ውስጥ የሚይዘው ዘቢብ ነበር። ሚልስ የበረዶውን መጠን እየለካ ለኮሎራዶ መንግሥት የሚሠራ፣ ብቸኝነት የሚወድ ሰው ነው። ይሁንና ያየውን ሁሉ በመጽሐፍና በንግግር ለአገሩ ሰው ሲያወራ ኖረ። ዛሬ ፓርኩን የሚያጨናንቀው ሕዝብ ውስጥ የብቸኛው ሰውዬ እጅ አለበት።

ከዘ ሎክ በላይ ቲምበርላይን ፏፏቴ ይመጣል። እዚህ ጋ ከአለቱ ላይ ውሃ እየወረደበት በእጅና በእግር የሚወጣበት አጭር ግን ቀጥ ያለ ቦታ አለ። የእኛ ሰው ድንጋይ አቅፎ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ሆኖ ሲያስብ፣ ከላይ አንድ የማያውቀው ጎረምሳ «ግራ እግርህን እዚያ ጥቁሩ ላይ» አለው። ከታች ደግሞ አንዲት ሴት ቦርሳውን ደግፋ ገፋችው። የአክስቱ ድፎ ዳቦ በሦስት ሰው ጉልበት አለቱን ወጣ።

ስካይ ፖንድ 3,322 ሜትር ላይ ነው። ዛፍ የለም፤ ቴይለር የተባለው ተራራና ሻርክስቱዝ የሚሉት የሾለ አለት ከሦስት በኩል ከበውታል፣ ከጥላው ሥር ሐምሌም ያልነካው በረዶ ተጋድሟል። ውሃው ሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ሳይንቲስቶች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው በዚህ ሸለቆ ዝናቡን፣ በረዶውንና ውሃውን እየለኩ ያገኙት ሌላ ነው፦ ከታች ሜዳው ላይ ካሉት ከተሞች መኪና፣ ከእርሻው ማዳበሪያና ከከብት ማድለቢያው የሚነሣው ናይትሮጅን በነፋስ ሽቅብ እየወጣ ከዝናቡና ከበረዶው ጋር ይወርድበታል። እሱ እያለከለከ የወጣውን አቀበት የመኪናው ጭስ ያለ ቀጠሮና ያለ 2 ዶላር ቀድሞት ወጥቶ ይሆናል።

ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ችግርም አብሮ መጣ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው ሐይቅ ፊት ተቀምጦ እንጀራ ሲፈታ እጁ አልታዘዝ አለው። ቀኝ በኩል ወንድና ሴት ወጣቶች በወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ ነገር ያኝካሉ። ተነሥቶ ጥብሱን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። አመሰገኑ፣ በልተናል አሉ። የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ እንደሆነ ስለሚያውቅ ደገመ፤ እንደገና አመሰገኑ። «በሞቴ» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች ስለ ሞቱ ቢያነሣ የፓርክ ጠባቂ እንደሚጠራበት ትዝ ብሎት ዋጠው።

በዚህ መሐል ጀርባዋ ላይ መስመር ያላት ቺፕመንክ፣ ከአይጥ ብዙም የማትበልጥ ሽኮኮ መሳይ፣ መጥታ ጫማው ላይ ቆመች። የፊት እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ ዐይኗን ከእንጀራው ሳትነቅል ጠበቀች። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም። የፓርኩ ሕግ ግን የዱር እንስሳ መመገብን ይከለክላል። የማይፈልጉትን ሰዎች መመገብ ተፈቅዶ፣ የምትፈልገዋን እንግዳ መመገብ ተከለከለ። ወጣቷ ፊቱን አይታ አዘነችለት መሰል መጥታ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘገነች። ቀመሰች፤ ተመለሰችና ለጓደኛዋ ዘገነች። ከዚያ በኋላ ብቻ የእኛ ሰው ምሳው ወረደለት።

ሰማዩ ከቴይለር ጀርባ መጥቆር ጀመረ። በእነዚህ ተራሮች ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ስለሆነ ዛፍ ከሚያልቅበት በላይ ያለ ሰው በጊዜ እንዲወርድ ይመከራል። ወጣቶቹ «አብረን እንውረድ» አሉት። ፏፏቴው ላይ ጎረምሳው ሌሎችን ሲረዳ አገኙት፤ እሱም ተቀላቀለ። ዘ ሎክ ላይ ባለምርኩዟ አሮጊት ከድንጋይ ተነሥተው ተከተሏቸው። ዝናቡ ሲጀምር ብቻውን የመጣው ሰው ከኋላው የቆሎ ከረጢት እየተቀባበሉ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩት።

ኤስተስ ፓርክ ሲገባ ኔትዎርክ ተመለሰና ስልኩ አላባራ አለ። አውሮራ ሲደርስ አክስቱ ከዳዊታቸው ወረቀቱን አውጥተው ከሰዓታቸው ጋር አመሳክረው መለሱት። ፎቶውን አንድ በአንድ አዩ፣ ሴቶቹም ተሰበሰቡ።

«ይቺ ማናት?»

«እዚያው ያገኘኋት ናት።»

«ይሄኛውስ?»

«እግሬን የት እንደማስቀምጥ የነገረኝ።»

«እኚህ ትልቅ ሰውስ?»

«ቀድመውኝ የወጡ።»

አክስቱ ስልኩን መለሱለት። «ይኼ ሁሉ ሰው እየሄደ ነው እኛ እዚህ ሽንኩርት የምንከትፈው?»

ከሠርጉ በኋላ ባለው ቅዳሜ በስንት መኪና እንደሚኬድ ክርክር ተነሣ። ሙሽራው አምስት አምስት ሰው ከሞላን 2 ዶላሩ ለአንድ ሰው 40 ሳንቲም ይሆናል ብሎ አሰላ። አክስቱ ግን ሒሳቡ አላሳሰባቸውም። «ሐይቁ ዳር ከሰል ማያያዝ ይፈቀዳል?» ብለው ጠየቁ። አይፈቀድም ተባለ። «እንግዲያው ቡናውን በፔርሙዝ ይዘን እንወጣለን፤ ሲኒውን አንተ ትሸከማለህ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ።»