ይቆይልኝ

አሜሪካ ውስጥ ከደመወዝ ከፍሎ አሠሪን «ለጡረታዬ ይቆይልኝ» ማለት ብልህነት ነው ይባላል። ጡረታ ወጥተው ያቆዩት ሲከፈልዎ ግን ደብልዩ-2 የተባለው የደመወዝ ቅጽ ይከተልዎታል፤ ቤትዎ ተቀምጠው ደመወዝተኛ ነዎት። ግብር ሰብሳቢው እንኳ ጨዋ ነው፤ ድርሻውን ወስዶ ይሄዳል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ግን ሁለት ዓመት አድፍጦ ይመጣል። በፈረንጆቹ 2025 ፓርት ቢ የተባለው የመድኑ ክፍል ክፍያ የታየው በ2023 ገቢ ነበር፤ ላጤው ከ106,000 ዶላር በአንዲት ዶላር ካለፈ፣ ወርሃዊው ከ185 ወደ 259 ይዘል ነበር። አንዲቷ ዶላር በዓመት 888 ወለደች፤ አራጣ አበዳሪም እንዲህ አይደፍርም! አቤቱታ ማቅረቢያ ቅጽ አለ፤ ሥራ ማቆምን፣ ፍቺን፣ የትዳር ጓደኛ ሞትን ይቀበላል። የገዛ ገንዘብን መቀበል ግን «ሕይወትን የሚለውጥ ክስተት» ተብሎ አልተመዘገበም።