ኩል ሲገባ ጉምሩክ ይተኛል

የኦስሎ 5 ቁጥር ባቡር መጨረሻው ቬስትሊ ነው። እዚያ ሰፈር የምትኖር ሐበሻ እናት የሕፃን ቅባት ስትገዛ ማየት ትምህርት ቤት ነው። ብልቃጡን ገልብጣ በጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ታነባለች። ሽቶ ካለበት ትመልሰዋለች። የማታውቀው ስም ካጋጠማት ስልኳን አውጥታ ትመረምራለች። ሻጩ ቢሰለችም እሷ አትሰለችም።

በልጅቷ ክርስትና ማግስት ግን ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ከቦርሳቸው ኩል ያወጣሉ፦ ነሐስ መሳይ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ላይ መኳያው የተተከለ። ማን ቀመመው? ምን ገባበት? የሚጠይቅ የለም። ያቺው እናት የሰማንያ ቀን ልጇን ጭንቅላት ደግፋ ይዛ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ወፈር አድርጊላት፤ ከሰው ዓይን ይጠብቃታል» ትላለች።

አንዱ አጎት ደግሞ ቢራውን ጎንጨት አድርጎ ታሪክ ይጀምራል። የኩልን ዕድሜ አላጋነነም፤ በመካከለኛው እስያ፣ በባክትሪያ፣ ከ4,000 ዓመት በፊት የተሠሩ የነሐስ የኩል ብልቃጦች ተገኝተዋል። የግብጿ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦችም ከፑንት ምድር ካመጡት ዕቃ መካከል ከወርቅና ከዕጣን ጋር ኩል ተቆጥሯል። «ፑንት ማለት እኛ ነን!» ይላል አጎት፤ ሊቃውንቱ ቦታው የት ነው እያሉ ገና ሲከራከሩ። ኩል ዓይንን ከፀሐይ ነጸብራቅ እንደሚከላከልም ያክልበታል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ቬስትሊ ላይ ፀሐይዋ ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጠልቃለች።

አጎት የዘለለው አንድ ምዕራፍ አለ። የጥንት ግብፆች ጥቁር ኩል ዋና ማዕድኑ ጋሌና ነው፤ ጋሌና ደግሞ የእርሳስ ማዕድን ነው። ዛሬም በየአገሩ ሲመረመር እርሳስ የሚገኝበት ኩል ጥቂት አይደለም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል መጠን አይታወቅለትም ይላል። ኖርዌይም የምትከተለው የአውሮፓ የመዋቢያ ሕግ እርሳስን ይከለክላል። ወደ መደርደሪያው የተመለሰው ቅባት ይህን ሕግ አልፎ የመጣ ነው። ኩሉ ያለፈው በአያት ቦርሳ ብቻ ነው።

አያትን የሚወቅስ የለም፤ ለልጅ ልጃቸው ያመጡት ፍቅር ነው። የምናስቀው እኛ ነን፤ «ባህላዊ» ከተባለ ምርመራ ቀርቶ ጥያቄም ነውር ይሆንብናል። ልትኳል ብላ ዓይኗን ስላጠፋችው ሴት የተረቱት እኮ ፈረንጆች አይደሉም፤ ይህም ባህላችን ነው። ብልቃጡን ይዘን ስንመጣ ተረቱን አገር ቤት ረስተነው መጣን።