ጎርፍ ያቆመው ሥልጠና

ወልድያ መናኸሪያ ስንደርስ የሁሉም ሰው ጭነት ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወረደ፤ የእኔ ሻንጣ ግን የለም። ረዳቱ ተመልሶ ወጣ፣ ሸራውን ገላልጦ ፈለገ፣ ወርዶም ደሴ ላይ ከወረዱት መንገደኞች አንዱ የራሱ መስሎት ይዞት ሳይሄድ እንዳልቀረ ነገረኝ። ስልክ ደወለ፣ ስሜንና ቁጥሬን መዘገበ፣ ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "አብሽር፣ ይገኛል" አለኝ። ወሎ ላይ አብሽር የተባለ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ያሳሰበኝ ልብሴ አልነበረም። ለራያ ቆቦ ቆላ መምህራን ልሰጠው የነበረው ሥልጠና ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፦ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ግልጽና የሚለካ የመማር ውጤት እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየው መምሪያ፣ የመለማመጃ ቅጾቹ፣ በትልልቅ ወረቀት የተጻፉት ምሳሌዎች። ነሐሴ እየተገባደደ ነው። ትምህርት ሊጀመር ነው፤ መምህራን ዓመታዊ ዕቅዳቸውን የሚያወጡትም በዚሁ ሰሞን ነው። ቅጂው በፍላሽ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ቆቦ ደርሼ አሳትመዋለሁ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎብዬንና ሮቢትን እያለፉ በክረምት የሄዱበት ሰው ያን መንገድ አይረሳውም። በምዕራብ የግዳን ደጋ ደመና ለብሶ ይታያል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ይዘጋዋል፤ በመካከል ያለው ሁሉ ማሽላ ነው። ቆቦ ስገባ ግን መብራት የለም። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ዘግተዋል፤ ጄነሬተር ያለው አንድ ቢሮ ነዳጅ ጨርሷል። ማታ በስልኬ ብርሃን የማስታውሰውን ያህል ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ስልኩም ጠፋ።

በማግስቱ የት/ቤቶቹ ጉድኝት ሱፐርቫይዘርና ሁለት መምህራን መጡልኝ። ሥልጠናው የሚሰጠው ወደ ዞብል ግርጌ ባለ የጉድኝት ማዕከል ነው። ባጃጅ እስከቻለ ድረስ ወሰደን፤ ቀሪውን በእግር ተያያዝነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በቆቦ ሜዳ ግን የሰማይ መጥራት ዋስትና አይሆንም፤ ደጋው ላይ ሌሊት የጣለው ዝናብ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ዋዜማውን ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ግንድ እያንከባለለ ይፈስሳል። ሠልጣኞቹ ማዶ ናቸው፣ እኛ ወዲህ። "ከቀትር በፊት አይጎድልም" አለ ሱፐርቫይዘሩ። አንድ የማሽላ ማሳ ዳር ቁርቁራ ሥር ተቀመጥን። ጎርፉን ጠልፈው ወደ ማሳቸው ሲመሩ የነበሩ አዛውንት አካፋቸውን እንደያዙ መጥተው አጠገባችን አረፍ አሉ።

"ልጆቼ፣ በዚህ ክረምት ምን አስነሳችሁ?" አሉን።

"አባቴ፣ ተማሪው ተምሮ ሲጨርስ ምን እንደሚችል አስቀድመን መጻፍ ልንማር ነው" አላቸው ታናሹ መምህር።

ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሉ፦ "የልጄ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ምን ደረሰች ብዬ ስጠይቃችሁ 'ጎበዝ ናት፣ ሦስተኛ ወጥታለች' ትሉኛላችሁ። ሦስተኛ መውጣቷንስ ሰማሁ። ምን እንደቻለች ግን የነገረኝ የለም።"

ለሥልጠናው ካዘጋጀሁት መግቢያ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ደረጃ ልጅን ከልጅ ያወዳድራል፤ ክፍሉ በሙሉ ማንበብ ባይችል እንኳ አንደኛ የሚወጣ አይጠፋም። የመማር ውጤት ግን ልጁን የሚያቆመው ከሥራው ፊት ነው፦ ይህን ማድረግ ይችላል? ወይስ ገና ይቀረዋል? አዛውንቱ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እኛ ደግሞ ለዓመታት ሌላ ነገር ስንመልስላቸው ኖረናል።

ጉዳዩ በትምህርት ዓለም የቆየ ነው። አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ የትምህርት ዓላማ መምህሩ የሚሠራውን ሳይሆን ተማሪው ላይ የሚመጣውን ለውጥ መናገር አለበት ብሎ ተከራከረ። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 የአእምሮን ሥራ ከማወቅ እስከ መመዘን በስድስት እርከን ደረደሩት። ሮበርት ሜገር በ1962 ጠበቅ አደረገው፦ ተማሪው ምን ሲያደርግ ይታያል? በምን ሁኔታ? ምን ያህል ሲሆን በቃ ይባላል? እነዚህን የማያውቅ መምህር የለንም፤ የብሉምን እርከኖች ኮሌጅ ሳለ በቃሉ አጥንቷቸዋል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም በየክፍሉ የሚጠበቀው ዝቅተኛ የመማር ብቃት ተዘርዝሮ ተጽፏል። ክፍተቱ የሚታየው ዕለት በዕለት በሚጻፈው ዕቅድ ላይ ነው።

ታናሹ መምህር የዕቅድ ደብተሩን ከፌስታል አወጣ። የ6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ፦ "ተማሪዎች ከዚህ ትምህርት በኋላ ስለ ጎጂ አረሞች ይገነዘባሉ።" ከሥሩ ፊርማ አለ። ዓረፍተ ነገሩን ማጣጣል አልፈልግም። የጻፈው ሰው ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ነው፤ የሚፈርምለትም ሰው የቅጹ ሣጥን መሞላቱን እንጂ ሌላ አልጠየቀውም። ነገር ግን አንድ ልጅ ሲገነዘብ ምኑ ይታያል? መምህሩ ነገ ጠዋት ገብቶ የተገነዘበውን ካልተገነዘበው በምን ይለየዋል?

"እንግዲያው 'የአረምን ጉዳት ይዘረዝራሉ' እንበለው" አለ። ይህ ይሻላል፤ መዘርዘር ይሰማል፣ ይቆጠራል። ሆኖም ልጅቷ አምስት ጉዳት ከደብተሯ ሸምድዳ ዘርዝራ እዚሁ ማሳ ውስጥ አረሙን በእግሯ ረግጣው ልታልፍ ትችላለች። የሚለካ ነገር ሁሉ ሊለካ የሚገባው አይደለም፤ ብዙ ሥልጠና የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። መምህሩ "የሚታይ ግስ ተጠቀም" ሲባል ለመቁጠር የሚቀለውን ይመርጣል፤ መዘርዘር፣ መጥቀስ፣ መሰየም። ወረቀቱ ያማረ ይሆናል፣ ትምህርቱ ግን ከቀድሞው ቀሎ ይቀራል።

አዛውንቱ ተነሥተው ወደ ማሳው ገቡና ሐምራዊ አበባ ያበበ ተክል ነቅለው አመጡ። አቀንጭራ ነው። የራያን ማሽላ እንደሱ የሚያስለቅሰው የለም። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይጠባል፤ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይረግፍለታል፤ ያም ዘር አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህን ምሥጢር ተከታትለው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። በአገራችን ከተለቀቁት ተቋቋሚ ዝርያዎች ሁለቱ ጎብዬ እና አብሽር ይባላሉ።

ታናሹ መምህር ይህን ሰምቶ ጻፈ፦ "ተማሪዎች ከማሽላ ማሳ ከተለቀሙ አምስት ዓይነት ዕፅዋት መካከል አቀንጭራን ያለ ረዳት ለይተው ያወጣሉ፤ አበባው ዘር ሳይዝ ለምን መነቀል እንዳለበት ያስረዳሉ።" ለአዛውንቱ አነበበላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱማ ዘንድሮን አያድንም። ከመሬት ብቅ ሲል የሚጠባውን ጠብቶ ጨርሷል። የምነቅለው ለከርሞ ነው። ይህን ካላወቀች 'ነቀልኩ፣ ማሽላው ግን አልዳነም' ብላ ትተወዋለች።"

ውጤቱ ሙሉ የሆነው ያኔ ነው። መምህሩ ሰርዞ ደግሞ ጻፈው፦ "...ሲነቀል የሚተርፈው የዘንድሮው ሰብል ሳይሆን የሚቀጥሉት ዓመታት መሬት መሆኑን ከዘሩ ብዛትና ከዕድሜው ጋር አያይዘው ያስረዳሉ።" አሁን የት እንደሚያስተምር ያውቃል፤ ማሳ ዳር ነው። ምን ይዞ እንደሚገባም ያውቃል፤ አምስት ዕፅዋት። ፈተናውም ራሱን አወጣ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አያስፈልገውም። ውጤቱ "ለይተው ያወጣሉ" እያለ ፈተናው "የአቀንጭራ አበባ ቀለም ምንድን ነው?" ካለ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ ልጁም የሚያምነው ፈተናውን ነው።

ታላቁ መምህር እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። እሱ ያነሣው ነገር ከአረሙ የከበደ ነው። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ጦርነቱ በዚህ ሜዳ ደጋግሞ አልፏል፤ ት/ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። "ልጆቹ ሲመለሱ ወደሚቀጥለው ክፍል አስገባናቸው" አለ። "ምን እንደጎደላቸው ለማወቅ የድሮውን ዕቅድ ገልጬ አየሁ። 'እስከ ምዕራፍ ሦስት ተሸፍኗል' ይላል። የተሸፈነውን እኔ ነኝ የሸፈንኩት። ልጆቹ ጋ ምን እንደቀረ አንድ መስመር የለም።" የመማር ውጤት በግልጽ የሚጻፍበት ትልቁ ምክንያት፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው። ትምህርት በተቋረጠ ቁጥር የተሸፈነ ገጽ ለማንም አይጠቅምም፤ "ይህን ይችላል፣ ይህን ገና" የሚል ዝርዝር ግን መምህሩ ቢቀየር እንኳ ልጁን ተከትሎ ይሄዳል።

ሰላም በነበረበት ጊዜም ቢሆን ሳናውቅ ያለፍነው ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁሉም አንደኛ ክፍልን አልፈው የመጡ ናቸው፤ ሮስተር ላይ ማርክ አላቸው። ያ ምዘና የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር፤ ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል ያነብባል? የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገር ደነገጠ። ድንጋጤው ከአሥር ዓመት በፊት፣ በሁለተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ መሆን ነበረበት።

ከቀትር በኋላ ውሃው ጎደለ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን ተሻገርን። ማዶ መምህራኑ ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀውናል፤ አንድም የሄደ አልነበረም። ፕሮጀክተር የለም፣ ወረቀት የለም፤ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ አለ። አቀንጭራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉም የዚያኑ ትምህርት ውጤት እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ የየራሳቸውን የትምህርት ዓይነት ያዙ። የሒሳብ መምህርቷ "ተማሪዎች የስፋት አለካክን ይረዳሉ" የሚለውን ሰርዛ "ተማሪዎች በገመድና በሜትር የአንድ አራት ማዕዘን ማሳ ስፋት ለክተው በሄክታር ይገልጻሉ" አለችው። የአማርኛው መምህር "ያልሰሙትን አጭር ጽሑፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነብባሉ፤ ዋናውን ሐሳብ በራሳቸው ቃል ይናገራሉ" ብሎ ጻፈ።

ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። "ሰባ ልጅ እንዴት አድርጌ አንድ በአንድ ልይ?" እውነት ነው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አይቻልም። መልሱንም የሰጡት እነሱው ናቸው። በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ልጅ ቢታይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሁሉም ይዳረሳል፤ ስማቸው በአንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ "ችሏል"፣ "ገና" እየተባለ ምልክት ይደረግበታል። ይህ እንዲሆን ግን ውጤቶቹ ጥቂት መሆን አለባቸው። ለአንድ ምዕራፍ ሃያ ውጤት የጻፈ ሰው አንዱንም አያይም፤ ሦስትና አራት ቢሆኑ ይበቃሉ። ተከታታይ ምዘና የምንለው ነገር በየሳምንቱ ወረቀት ፈተና ሆኖ የቀረው የውጤቶቹን ብዛት ስላልቀነስን ይመስለኛል።

ሁሉ ነገር ይለካል አልልም። አንድ ልጅ ለዕውቀት ያለው ፍቅር፣ ለጓደኛው ያለው አዘኔታ በቅጽ አይሞላም፤ በግድ ለመሙላት መሞከርም ይጎዳዋል። መምህሩ እነዚህን በልቡ ይዞ ያስተምር። ማንበብ፣ ማስላት፣ ለይቶ ማወቅ፣ ማስረዳት ግን በዓይን ይታያሉ፤ የማይታዩ ናቸው ብለን ልንሸፍናቸው አይገባም።

ሻንጣዬ ደሴ ተገኝቶ በሌላ አውቶቡስ የደረሰኝ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው። ቅጾቹን ለሱፐርቫይዘሩ ትቼለት መጣሁ።

የዕለት ዕቅድ ላይ የምትፈርሙ ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ ዘንድሮ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት መምህሩን "ልጁ ይህን መቻሉን በምን ታየዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ካላገኛችሁ አትፈርሙ፣ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ጻፉት። ወላጆችም መስከረም ላይ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ስለ ደረጃ አትጠይቁ። "ዛሬ የማይችለውን፣ ሰኔ ላይ ምን ይችላል?" በሉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።