ስም እስከ አያት

አማርኛ ወንበር እንኳ ይሰድባል። የሆሳዕና መጠጥ ቤቶች ባንኮኒው ሥር የሚደረድሩት ያ እግረ ረጅም መቀመጫ ስሙ «ባለጌ ወንበር» ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እግር አስንጠልጥሎ ጎረምሳን ከሽማግሌ አናት በላይ ስለሚሰቅል ይመስለኛል። አጎቴም «አንተ ባለጌ!» ይለኛል፤ ቁጣ ይሁን ናፍቆት የማውቀው እጁ ወደ ቀበቶው ወይስ ወደ ትከሻዬ እንደሄደ አይቼ ነው።

ወደ ዱራሜ ሲኬድ ግን ሰው ሳይሳደብም ይባልጋል፤ ስም በመጥራት ብቻ። ከምባታ ውስጥ «ባሊሻ» የሚባል የሴቶች ወግ አለ፤ በሀዲያና በሲዳማም ዘመድ አለው። ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ይህማ የትም አለ ትሉ ይሆናል። ቆዩ እንጂ! ስማቸው በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምር ቃልም አትናገርም። አማቷ ወልዴ ይባላሉ እንበል። በከምባትኛ ውሃ «ዎኣ» ነው። እንግዲህ ውሃ ሲጠማት ምን ትበል? ለዚህም መላ አለ፤ ሴቶቹ የቋንቋ አካዳሚም ኮሚቴም ሳያስፈልጋቸው ምትክ ቃላት አበጅተው እርስ በርስ ሲቀባበሉ ኖረዋል። የተማሩት ወጣቶች አሁን አሁን እየተዉት ነው።

ካልተዉት ወገን የሆነች አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ አንድ ቢሮ ከፊቴ ተሰልፋለች።

«ስም እስከ አያት!» አለ ጸሐፊው፣ ለአገሩ እንግዳ ነው። የልጁ አያት ማለት እንግዲህ አማቷ ናቸው። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው መቼም ምራት ሆኖ አያውቅም።

የልጁንና የአባቱን ስም ተናግራ ዝም አለች።

«አያቱስ፣ እናቴ?»

«የባሌ አባት ናቸው።»

«ማን ይባላሉ?»

«የልጁ አያት።»

እስክሪብቶውን ወረወረው። «ትቀልጃለሽ እንዴ? ምን ዓይነት ብልግና ነው!» ከ«እናቴ» ለመውረድ ጊዜ አልፈጀበትም። እሷም አልመለሰችለትም፤ ዐይኗ ግን አሳዳጊ የበደለው እያለ ከእግር እስከ ራሱ ለካው።

የገላገላቸው ልጁ ነው፤ «ወልዴ!» ብሎ ጮኸ። እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጸሐፊው እፎይ ብሎ መጻፍ ጀመረና እጁን ገታ።

«በ‹ወ› ነው በ‹ዎ›?»

ልጁ ትከሻውን ሰበቀ።

«ልጅ ምን ያውቃል!» አለ ጸሐፊው፣ ወደ እናትየው ዞሮ፤ «እስቲ አንቺ ጥሪው።»