ኮቴን ያያችሁ

የቃሊቲ ሰው አድራሻውን ሁለት ጊዜ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ «ቃሊቲ ነኝ» ይላል፤ ሰሚው እስር ቤቱን አስቦ ፊቱ ሲለዋወጥ ሲያይ ደግሞ «ቤቴ እዚያ ነው ማለቴ ነው» ብሎ ያክላል። ጎጃም ያሉት አክስቴ ሁለተኛውን ሳይሰሙ ስልኩ ተቋረጠባቸውና እስክፈታ ድረስ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳሉልኝ። እና ባለፈው ሰኔ «ኮሜዲ ቴያትር አለ» ሲባል ለወዳጆቼ ሁሉ ደወልኩ። «ቃሊቲ ግቡ፣ እየሳቃችሁ ትወጣላችሁ» አልኳቸው። ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከምኒልክ አደባባይ እኛው ድረስ ይመጣል፤ ወዳጆቼ ግን አንድም አልመጡ።

ቴያትሩ የሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ዝግጅት ነበር። ልጄ የድራማ ክበብ አባል ናት። ወሩን ሙሉ ማታ ማታ በሯን ዘግታ ስታጉረመርም፣ አልፎ አልፎም ስትቆጣ እሰማለሁ። ማን ሆና እንደምትጫወት ስጠይቅ እናትና ልጅ ይተያያሉ። በዚያው ሰሞን ቡናማው ኮቴ ጠፋ። ባለቤቴን ብጠይቃት «ኪሱ ተቀዶ የለ? ልብስ ሰፊ ጋ ሰድጄዋለሁ» አለችኝ። ኪሱ ከተቀደደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ እንዴት ትዝ አላት ብዬ አልጠረጠርኩም። የዋህ ነኝ።

አዳራሽ የተባለው መሐሉ ያለው ኮምፔንሳቶ የተነሣለት ሁለት ክፍል ነው። መድረኩ ዴስክ ተገጣጥሞ ምንጣፍ ለብሷል። መጋረጃው ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ሁለት አንሶላ ሲሆን አንደኛው ባለ አበባ፣ ሌላው ባለ መኪና ነው። «ይከፈት!» ሲባል አበባው ተከፈተ፣ መኪናው እምቢ አለ። የዘበኛውን ቦታ የሚጫወተው ልጅ ከነጥጥ ጺሙ ወጥቶ፣ ወንበር ላይ ቆሞ መኪናውን አላቀቀ። እስከ መጨረሻው ድረስ የሱን ያህል የተጨበጨበለት የለም።

እንደ ተመልካች አንድ ቅሬታ አለኝ። የተማሪ ቴያትር ያለ ሰካራም አይሆንም ያለው ማነው? ሰካራሙ ገባ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። ቀጥሎ ከገጠር የመጣ ዘመድ ገባ፤ እሱ ደግሞ ሊፍት ያስፈራዋል። ቃሊቲ ውስጥ ስንት ሊፍት አለና! መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» የሚያስቁን ሰውን እያናገሩ እንጂ እየጣሉ አይደለም። ይህንኑ ለባለቤቴ በማብራራት ላይ ሳለሁ አባትየው ወደ መድረኩ ገባ።

ገብቶ ለሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። «ይሄን ማነው ያበራው? ካርድ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ?» አለ። ፍሪጅ ከፍቶ እንቁላል ቆጠረ፤ የወጡን ድስት ከድኖ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ። ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «ይሄማ ጎረቤታችን ነው፣ ቁርጥ እሱን!» አልኳት። ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ዝም አለች።

ከዚያ አባትየው ለልጁ የታክሲ ሊሰጥ እጁን ኪሱ ሰደደ። ሳንቲሙ በቀዳዳው ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገባ። አባትየው ጎንበስ አለ፣ የኮቱን ጫፍ በግራ እጁ ጨበጠ፣ እንደ ጤፍ ወንፊት ሁለቴ ነቀነቀው፤ ሳንቲሙንም እየገፋ እየገፋ በቀዳዳው አወጣው። ያን አነቃነቅ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጺሙ በአንድ ወገን ሲላቀቅ ከሥሩ የልጄ አገጭ ብቅ አለ።

ትልቅ ሰው ማስቀየም ከቴያትራችን ጋር አብሮ የተወለደ ዐመል ነው። ሩሲያ ተምረው የመጡት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን ሲያሳዩ መድረኩ ላይ የሚያወሩት አውሬዎች ነበሩ፤ መኳንንቱ ግን ራሳቸውን አዩበት። ንግሥት ዘውዲቱም ነገሩን አገዱት። እኔም እንደ መኳንንቱ አቤት ልል ወደ ቤቴ ንግሥት ዞር አልኩ። ንግሥቲቱ የፊታቸውን ወንበር ይዘው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቴያትር በሚያሳዩበት ዘመን የሴቷን ቦታ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። አሁን ሴቷ ኮት ለብሳለች፤ ተራው ደርሷት ነው። ብቻ ተራው በኔ ኮት መድረሱ!

ልክ በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። የእውነት ጠፋ፤ ማይኩም አብሮ ሞተ። ሕፃናት ጮኹ፣ ዳይሬክተሩ «ተረጋጉ» እያሉ ከዴስክ ጋር ተላተሙ። ከጨለማው ውስጥ ያ የጎረነነ ድምፅ፣ «እሰይ! ዛሬ ካርዳችን ተረፈ!» አለ።

አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቀላል። ስልኮች በርተው መድረኩ ሲታይ አባትየው ስልክ ስልኩን እየጠቆመ «ባትሪ! ባትሪ!» ይላል። ኋላ መምህራቸውን ብጠይቀው ይህ ከጽሑፉ ውስጥ የለም አለኝ። እንዴት ይኖራል? መብራት በጠፋ ቁጥር የምለው እኮ እኔ ነኝ፤ እንደሚያስቅ ግን እስከዚያ ቀን የነገረኝ የለም።

ኮቴ ሰኞ ተመለሰ። በኪሱ ውስጥ አንድ እፍኝ ጥጥና የማላውቀው አምስት ብር ነበር፤ ብሩን አልመለስኩም። ማታ ልጄ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ተጋብዘናል፤ ኮቱን ደግመህ ታውሰናለህ?» አለችኝ።

«ለአንድ ቀን ኪራዩን ስንት ትከፍላላችሁ?»

መልስ አልሰጠችኝም። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደችና ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች።