ላም አለኝ በሰማይ፣ ባቡር አለኝ በፍሬዝኖ

አሜሪካኖች ዴሞክራሲ የእኛ ነው ይላሉ፤ ይበሉ። ዴሞክራሲን ጠዋት ማታ የሚኖረው ሕዝብ የት እንዳለ ማየት የፈለገ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ጎራ ይበል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለችውን ቁራጭ መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይማት ለእንጀራና ለዕጣን የሰጣት መስሎት ነበር። እኛ ፓርላማ አደረግናት። የሳክራሜንቶው ምክር ቤት 120 አባላት አሉት፤ ሕግ ያወጣሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ለዕረፍት ይበተናሉ። የእኛዎቹ አይበተኑም፤ ቢበዛ የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ሲሞላ ሊከፍሉ ብቅ ብለው ይመለሳሉ። ሕግም አያወጡም። ንጹሕ ክርክር ነው፣ በውጤት ያልተበረዘ።

የዘንድሮው አጀንዳ የገዥው ምርጫ ነው። ጋቪን ኒውሰም ሁለተኛ ዘመናቸውን እየጨረሱ ነው፣ ሕጉ ሦስተኛ አይፈቅድላቸውም፤ ለባዶው ወንበር የተሰለፈው ዕጩ ብዛት የኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ያስንቃል። ጁን 2 ቀን 2026 የመጀመሪያው ዙር ይደረግና ፓርቲያቸው ምንም ይሁን ምን ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ወደ ኖቬምበር 3 ያልፋሉ። ይህን ደንብ ፓርላማችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አልምልም። ማወቅም አያስፈልግም፤ እኛ የምንከራከረው በመርሕ ደረጃ ነው።

መርሑ ደግሞ ባቡር ነው። በኖቬምበር 2008 የካሊፎርኒያ መራጭ ፕሮፖዚሽን 1ኤን አጽድቆ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ፈቀደ። ከሎስ አንጀለስ ሳን ፍራንሲስኮ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚያደርስ ፈጣን ባቡር ይመጣል ተባለ፤ ወጪው ወደ 33 ቢሊዮን፣ የሚያልቀው በ2020። ቁፋሮው በጃንዋሪ 2015 ፍሬዝኖ ላይ በድግስ ተጀመረ። በ2019 ኒውሰም ራሳቸው ብድግ ብለው መስመሩን ዳር እስከ ዳር የሚያደርስ መንገድ ለጊዜው አይታየኝም አሉና ሥራው ከመርሴድ እስከ ቤከርስፊልድ ባሉት 171 ማይሎች ላይ ተሰበሰበ። የጠቅላላው ዋጋ ከ100 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በጁላይ 2025 የትራምፕ አስተዳደር 4 ቢሊዮን የሚያህለውን የፌዴራል ገንዘብ ነጠቀ። ሪፐብሊካኑ ዕጩ ስቲቭ ሂልተን ባቡሩን እዘጋዋለሁ ይላሉ፤ ዴሞክራቶቹ በየፊናቸው አስተካክለን እንቀጥላለን ይላሉ። ፓርላማችን በሁለት ተከፍሎ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ባቡሩ የት ደረሰ?»

«ፍሬዝኖ።»

«ማን ተሳፈረበት?»

«እስካሁን ሲሚንቶ።»

የደጋፊው ወገን መልስ ዝግጁ ነው፤ ሥራ። የባቡሩ ባለሥልጣን ከ15,000 በላይ የግንባታ ሥራ ፈጥሬአለሁ ይላል፤ አልዋሸም። እንዲህ ያለ ባቡር ግን ዓለም አይታ አታውቅም፦ መንገደኛ ሳይኖረው ደመወዝተኛ ያለው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብለው ያማረሩት አያቶቻችን ላሚቱ ለስንት እረኛ እንጀራ እንደምትሆን አላሰቡም። እስከዚያው ድረስ ቤከርስፊልድ ዘመድ ያለው ሰው ዩኒየን ስቴሽን ሄዶ የአምትራክ ትኬት ይቁረጥ። ከባቡር ጣቢያው የሚያወጣው አውቶቡስ ነው።

ክርክሩ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚቆየው አቦል እስኪወርድ ነው። ቶና ላይ አንዱ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «የእኛ ሰዎች በሦስትና በአራት ዓመት ሠርተው አልነበረም?» ይላል። የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር ማለቱ ነው፤ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ በሴፕቴምበር 2015 ሥራ ጀመረ። ፓርላማው በኩራት ይነፋል። አንድ ክፉ ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ «ከ41ዱ ባቡሮች ዛሬ ስንቱ ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ይጠይቃል። መለዋወጫ አጥተው ግቢ ውስጥ የቆሙት ከሚሠሩት እንደበለጡ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ጥያቄው የጠላት ጥያቄ ነው ተብሎ ይታለፋል። የወሎው ልጅ ተራውን ይቀበላል፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ከአዋሽ ኮምቦልቻ የዘረጋውን ሐዲድ ጠቅሶ፣ ሐዲዱ ተኝቶ ባቡሩ የት ገባ ይላል። የድሬዳዋው ሰው በረካ እስኪቀዳ አይታገሥም። በ1894 ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡት ፈቃድ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬን ቆርቁሮ፣ በ1917 አዲስ አበባ ያስገባናል። ከዚያ በኋላ የሚነሡት ምኒልክ ናቸው፤ ምኒልክ ከተነሡ ደግሞ ማን የካሊፎርኒያን ገዥ ያስታውሳል?

ባይሆን ስለ ባቡርና ስለ ገዥ እዚሁ የሚያወራ ታሪክ ሞልቶ ነበር። ሊላንድ ስታንፎርድ በ1862 የካሊፎርኒያ ገዥ ሲሆን የሴንትራል ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንትም ነበር፤ በአንድ ኪሱ መንግሥት፣ በሌላው ሐዲድ። ሃይራም ጆንሰን በ1910 የተመረጠው ሰዘርን ፓሲፊክ የተባለውን የባቡር ኩባንያ ከፖለቲካ አባርራለሁ ብሎ ነው፤ በማግስቱ ዓመት ሕዝብ ራሱ ሕግ የሚያቀርብበትንና ገዥ የሚሽርበትን መብት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። የምርጫ ወረቀታችን እንደ ዳዊት የረዘመው በእሱ ምክንያት ነው። ይህን ለፓርላማው ባነሣ «አንተ ፈረንጅ ሆነሃል» ይሉኛል።

ቀጥሎ ማንም የማይዘለው ጥያቄ ይመጣል፤ «ለመሆኑ ሰውየው ለኢትዮጵያ ያላቸው አቋም ምንድን ነው?» የካሊፎርኒያ ገዥ አምባሳደር አይልክም፣ ማዕቀብ አይጥልም፣ ስለ ሕዳሴ ግድብ ማንም ምክር አይጠይቀውም። ቢሆንም መጠየቁ አይቀርም። ቨርጂኒያ ያሉ ወንድሞቻችን መንገዱን አሳይተውናል። በ2021፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በባይደን የተቆጣው ብዙ ሐበሻ ዴሞክራቱን ቴሪ ማኮሊፍን ሊቀጣ ተነሥቶ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሰ። ኖቬምበር 2 ያንግኪን አሸነፉ፤ «ያስመረጥናቸው እኛ ነን» ተባለ፣ ተጨፈረ። በዚያችው ዕለት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ንግዱ፣ እንደሚያስወጡ ለኮንግረስ ጻፉ። ጃንዋሪ 1፣ 2022 በሩ ተዘጋ፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች ሥራቸውን አጡ። ሪችመንድ ላይ ድል፣ ሐዋሳ ላይ ስንብት። ማኮሊፍ ግን ትምህርት አግኝተዋል፤ ሁለተኛ ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ አይጥሉም፣ ድሮም አልጣሉም። (ሐቁን ለመናገር የቨርጂኒያዎቹ ቢያንስ ወጥተው መርጠዋል። በዚህ ከእኛ ይበልጣሉ።)

አሁን ወደ እንጀራችን እንምጣ። ከፓርላማችን አባላት ብዙዎቹ መሪ የጨበጡ ናቸው፤ ታክሲ፣ ሊሞ፣ ወይም በስልክ የሚጠራ መኪና። ስለዚህ በባቡር ጉዳይ አቋማቸው እጅግ የተራቀቀ ነው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄደውን ባቡር አጥብቀው ይደግፋሉ፤ ኦክላንድ እኅት አለቻቸው። ወደ ኤርፖርት የሚሄደውን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ሜትሮ በጁን 2025 ኤርፖርቱ አጠገብ ጣቢያ ሲከፍት ሐዘን የተቀመጠ የሚመስል ሰው አይቻለሁ። ሰው ሁሉ በባቡር ይሂድ፤ የእኔ መንገደኛ ግን በእኔ መኪና። እንዲህ ያለ ሐቀኛ የትራንስፖርት ፖሊሲ ከዕጩዎቹ አንዱም አላቀረበም።

በኖቬምበር 2020 በትራምፕና በባይደን የተነሣ በፌርፋክስ ጎዳና የተኳረፈ ሰው ብዛት ለሽምግልና ያስቸግር ነበር። በዚያው ወረቀት፣ ዝቅ ብሎ፣ ፕሮፖዚሽን 22 የሚባል ነገር ተጽፎ ነበር፤ በስልክ የሚጠራ መኪና የሚነዳ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ የራሱ አለቃ የሚል። የመኪና ጥሪ ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሥራ አጥነት መድን፣ የሕመም ፈቃድ፣ ሁሉም እዚያች ሣጥን ውስጥ ነበር። አለፈ፤ በ2024 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። በምርጫው ሰሞን ፓርላማችን ውስጥ ስለ ፕሮፖዚሽን 22 የደገፈም የተቃወመም አልሰማሁም። ሰዎቹ ስለ ፔንሲልቬኒያ ቆጠራ ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

ዘንድሮም እንደዚያው ነው። በኦክቶበር 2025 ኒውሰም አንድ ሕግ ፈረሙ፤ ኤቢ 1340 ይባላል። የራሳቸው አለቃ ናቸው የተባሉት ነጂዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙና ከኩባንያዎቹ ጋር በጋራ እንዲደራደሩ ይፈቅዳል፤ በካሊፎርኒያ 800,000 የሚሆኑ ነጂዎችን ይመለከታል። ሕጉን የሚያስፈጽመው የመንግሥት ሠራተኞች ግንኙነት ቦርድ ነው። የቦርዱን አባላት የሚሾመው ማን ነው? ገዥው። እንግዲህ በኒውሰም ወንበር የሚቀመጠው ሰው በየሳምንቱ ሒሳብህ ላይ እጁ አለበት ማለት ነው፤ ስለ ሕዳሴ ግድብ ያለው አቋም ምንም ይሁን ምን። ይህን የሚያህል ቁም ነገር ይዞ ወደ ጠረጴዛው የቀረበ ሰው ግን «ወንድሜ፣ አሁን ስለ ባቡሩ ነው የምናወራው» ተብሎ ሥርዓት ይይዛል።

ስለ ባቡርም ከተወራ ከአፍንጫችን ሥር ያለውን ማን ያውራ። ከትንሿ ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን በእግር ትንሽ ስትሄዱ ዊልሸር ላይ የምድር ባቡር ጣቢያ ተቆፍሯል፤ ስሙም ፌርፋክስ ነው። በማርች 1985 ሦስተኛ ጎዳናና ፌርፋክስ ላይ አንድ የልብስ መደብር ከመሬት በወጣ ሚቴን ጋዝ ፈነዳ፤ 23 ሰው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የኮንግረስ አባሉ ሄንሪ ዋክስማን በዊልሸር ሥር ለሚቆፈር ዋሻ የፌዴራል ገንዘብ እንዳይወጣ አስከለከሉ፤ እገዳው ሃያ ዓመት አለፈው። በ2008፣ ፕሮፖዚሽን 1ኤ በወጣበት በዚያው ወረቀት፣ የካውንቲው መራጭ ሜዠር አርን አጽድቆ ከሽያጭ ታክስ ላይ ግማሽ ሳንቲም ለትራንስፖርት ሰጠ፤ በ2016 ሌላ ግማሽ ጨመረ። ይኸው ሬስቶራንት ገብተን ክትፎ ባዘዝን ቁጥር ከእያንዳንዱ ዶላር አንድ ሳንቲም ለሐዲድና ለመንገድ እንከፍላለን። ቁፋሮው በ2014 ተጀመረ፤ የሚከፈትበት ቀን ከ2023 ወደ 2024፣ ከዚያ ወደ 2025፣ ከዚያም ወደ 2026 ተገፋ። በራሳችን ክትፎ ስለተሠራው ባቡር ከፓርላማው የሰማሁት ንግግር አንድ ነው፤ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪና ማቆሚያ ጠፋ የሚል። ሊፈረድብን አይገባም። ፍሬዝኖ ሩቅ ስለሆነ በደንብ ይታያል።

ይህ ሁሉ ክርክር ታዲያ መቼ ነው ወደ ሣጥን የሚገባው? እዚህ ላይ ጨዋነታችን ይጀምራል። ካሊፎርኒያ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን በፖስታ ቤቱ ድረስ ትልካለች፤ መመለሻ ፖስታው ቴምብር አይጠይቅም። ፖስታውስ የት ነው? ከሱፐርማርኬት የቅናሽ ወረቀትና ከጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ጋር የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ክብ ክብ ነጠብጣብ አርፎበታል። የከፈተውም ቢሆን ገዥው ላይ ምልክት አድርጎ የቀረውን አራት ገጽ ባዶ ይመልሳል፤ ፕሮፖዚሽኖቹ «ለአገሬው ሰዎች» ናቸውና። አንዳንዱ በመንጃ ፈቃዱ ላይ በላቲን ፈርሞ ፖስታው ላይ በአማርኛ ይፈርማል፤ ከዚያ ፊርማህ አልተመሳሰለም የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ ፓርላማውን በአስቸኳይ ይጠራል። ከአገሬው ጋር ግን እኩል ነን፤ በጁን 2014 የገዥ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ከተመዘገበው ካሊፎርኒያዊ ድምፅ የሰጠው 25 በመቶው ብቻ ነበር። ልዩነቱ አገሬው ሳይመርጥ ዝም ይላል፤ እኛ ሳንመርጥ ውጤቱን አንቀበልም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል ቀኑን ልንገራችሁ። ጁን 2 ማክሰኞ ነው። በፖስታ የምትልኩት ማኅተሙ ቢዘገይ የዚያ ቀን ይሁን፤ በሰባት ቀን ውስጥ ከደረሰ ይቆጠራል። ፖስታውን ከኋላው መፈረም አትርሱ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በፈረማችሁበት ፊርማ። ወረቀቱ ላይ ቡና የፈሰሰበት ሰው ካውንቲው ውስጥ ካሉት የምርጫ ማዕከላት ወደፈለገው ሄዶ አዲስ ይቀበላል። በሩ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ በእነሱ 8 ሰዓት፤ በዚያች ደቂቃ ሰልፍ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ሳይመርጥ አይመለስም ይላል ሕጉ። የሐበሻ ቀጠሮን አስቦ የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።