ሟቹን አስቀድሞ መጠየቅ

በመሥሪያ ቤታችን ያሉትን ሰርቨሮች የመጠበቅ አደራ ከተጣለብኝ ወዲህ ያልሰማሁት አቤቱታ የለም፤ የሒሳብ ክፍሉ ሹም ያቀረቡልኝ ግን ከሁሉ የረቀቀ ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ኔትወርክ የለም እንዳልል ቆይቶ ይመጣል፤ አለ እንዳልል አንዱን ደረሰኝ እስኪከፍት ቡናዬ ይቀዘቅዛል፤ ታዲያ በምን ልክሰሰው?» እኔም «ጋሼ፣ እስቲ ልመርምረው» ብዬ ተነሣሁ።

ኮምፒውተር ባልንጀራውን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ እኛ የአዳም ልጆች ግን ቁጥር ስለሚከብደን በስም እንጠራዋለን፤ በመካከሉም ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስ መዝገብ ይቆማል። በቀድሞው ዘመን አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ መረብ የስሙ ሁሉ ዝርዝር በአንድ ፋይል ተጽፎ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር፤ ስሙ እየበዛ ጠባቂዎቹን ቢያስጨንቅ፣ ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሊቅ በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዲኤንኤስ የተባለውን ሥርዓት ደርሶ መዝገቡን ለብዙ አገልጋዮች አከፋፈለው። ጭንቀቱንም አብሮ አከፋፍሎታል።

የሒሳቡ ፕሮግራም ያለበት ሰርቨር መረጃውን የሚያመጣው ከሌላ ሰርቨር ነው። ያንን ሌላውን በቁጥሩ ፒንግ ባደርገው ወዲያው መለሰ፤ በስሙ ብጠራው ግን ዝም አለ፣ ቆየ፣ ኋላም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «አቤት» አለ። እንግዲህ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ደዌው በስሙ ላይ ነው። ስም የሚጠየቁት ሰርቨሮች በተራ የተዘረዘሩበትን፣ ሪዞልቭ ኮንፍ የተባለውን ፋይል ብገልጠው፣ ከሁሉ በላይ በመጀመሪያው መስመር ተጽፎ የተገኘው፣ ከዓመታት በፊት በክብር ተሰናብቶ ወደ ዕቃ ቤት የወረደው የአሮጌው ሰርቨር ቁጥር ነበር! ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ደግሞ ሥርዓት አክባሪ ነውና፣ አባወራው ካረፈ በኋላ «እስቲ እርሳቸው ምን ይላሉ» እያለ እንደሚጠብቅ ቤተ ሰብ፣ ለእያንዳንዱ ስም አስቀድሞ ሟቹን ይጠይቃል፣ 5 ሰከንድ ያህል መልሱን በትዕግሥት ይጠባበቃል፣ ወደ ሕያው የሚዞረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሟቹ «እንዲህ ያለ ስም የለም» እንኳ ቢል ጥያቄው በዚያው ቅጽበት ባለቀ፤ የሚያዘገየው ዝምታው ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ መስመሩን ሰርዞት እንደ ነበር ከጎኑ ያኖረው ቅጂ ይመሰክራል። ነገር ግን ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም እንደ ገና ይጽፈዋልና፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ሟቹም አብሮ ይነሣል። «በእጅ አትንኩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ በፋይሉ ራስጌ ተጽፏል፤ ራስጌ የሚያነብ ማን አለ?

ምንጩ ራውተሩ ሆኖ ተገኘ፤ በዲኤችሲፒ አድራሻ ሲያድል የሟቹን ቁጥር ለሁሉ ያወርስ ኖሯል። ከዚያ ብፍቀው፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አድራሻቸውን እያደሱ ተፈወሱ። የሁለተኛው ፎቅ ፕሪንተር ብቻ፣ ቁጥሩ በእጅ ስለ ተጻፈበትና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ፣ ዛሬም ሟቹን ይጠይቃል።